የቀኙ በር ታችኛ ጥግ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7። ከሰዓት፣ ባቡር ላይ

ፍሩትቬልን አለፍን። መቀመጫ የለም። ቆሜ ነው የምጽፍብህ፣ ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ። ዛሬም ያው። ዳውንታውን፣ ሪሴፕሽን፣ ባጅ ማደል። አሳንሰሩ ሁለቴ ቆመ። ምሳዬን በአምስት ደቂቃ ዋጥኩ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ሳን ሆዜ።

ፋይናል ራውንድ ገባሁ!!

አሁን ደግሞ መጥፎውን ስማ። የደወለችው ዳያን ናት፣ የመኪና በር ዲዛይን ቡድኑ አለቃ፣ ባለፈው በቪዲዮ ያነጋገረችኝ። ከሬዙሜዬ አንድ መስመር ወድዳለች። አንዷን ብቻ። «የጥንት ስፖርት መኪና፤ የሁለቱንም በሮች መስታወትና የውሃ መከላከያ ጎማ በራሴ እጅ አድሻለሁ።» እሷም ቤቷ አሮጌ መኪና ትፈታታለች። ስለዚህ ማክሰኞ 21 ስመጣ መኪናውን ይዤ ልምጣ። ሕንፃው ፊት ለፊት ላቁመው። ጎማውን በአውራ ጣቷ መዳሰስ ትፈልጋለች፣ ሠሪው የሚታወቀው ጥግ ላይ ነው አለች። እየሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ኦፍ ኮርስ አልኩ። ኦፍ ኮርስ!

ውሸት ነው። ላንተ ብቻ ነው የምናገረው። የዛሬ አራት ዓመት ጎረቤታችን ጋሽ ኢድሪስ የመኪናቸውን የግራ በር ሲሠሩ አንድ ከሰዓት ሙሉ ባትሪ አብርቼላቸዋለሁ። በቃ። መስታወት አልነካሁም፣ ጎማ አልነካሁም። የቀኙ በር እስከ ዛሬም አልተሠራም፣ በፕላስተር ተለጥፎ ቆሟል። መስመሯን የጻፍናት ከብሩክ ጋር ነው፣ ከአክስቴ ልጅ። ሳ/ሆዜ ቴክ ይሠራል፣ ሁሉን ያውቃል። ሞቅ አድርጊው፣ እዚህ አገር ቀዝቃዛ ሬዙሜ የሚያነብ የለም አለኝ። ሞቅ አደረግነው።

ከተመረቅኩ አሥራ ስድስት ወር ሆነኝ። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ባጅ አድላለሁ። ይሄ ሥራ ካመለጠኝ… አልጽፈውም።

አሥራ አራት ቀን። ሳን ሊያንድሮ ደረስኩ፣ ልውረድ።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 8። ማታ፣ ከራት በፊት

ሄድኩ። ቤታቸው ከአክስቴ ቤት ሦስተኛው ነው። ጋ/ኢድሪስን ታውቃቸዋለህ፣ ጽፌልሃለሁ፤ ኤርትራዊ፣ አዲስ አበባ ያደጉ፣ ፒያሳ መስታወት ቤት የጀመሩ፣ እዚህም ፍሩትቬል የመኪና መስታወት ቤት ከፍተው ጡረታ እስኪወጡ የሠሩ። ጋራዣቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ የምትኖር አንዲት ነገር አለቻቸው። ባለ ሁለት በር፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ የሰናፍጭ ቀለም። የእናቴ እኩያ።

እውነቱን ልነግራቸው ነበር። በር ላይ ሆኜ ተለማምጄዋለሁ። ግን ምን ብዬ? የእርስዎን እጅ የኔ ነው ብዬ ጽፌአለሁ? ምላሴ ሌላ አወራ። መኪናዋን እወዳታለሁ፣ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ የቀኙን በር ልጨርስልዎት አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከመቼ ወዲህ አሉ። ከዚያ «ወላሂ! ኢንጂነሯ እጇን ልታቆሽሽ!» ብለው ሸራውን ራሳቸው ገፈፉት። ፊታቸው በራ። የፊታቸው መብራት ነው የጎዳኝ።

አንድ ነገር ብቻ አሉ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እሠራለሁ። እሳቸው እጃቸውን አያስገቡም። ሲያወሩኝም ሁለት እጃቸው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ሊፈትኑኝ ነው መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 9

የበሩን የውስጥ ሽፋን አወለቅኩ። ሦስት ማያያዣ ሰበርኩ። እኔ «ስክሩድራይቨር» ስል እሳቸው «ካቻቢቴ»፣ እኔ «ዶር» ስል እሳቸው «ስፖርቴሎ»። አራት ዓመት ኮሌጅ ምን አስተማሩሽ ይሉኛል። ፎርሙላ አልኳቸው። ፎርሙላውን አምጪውና ይሄን ብሎን ይፍታልን አሉ።

የበሩ ሆድ ውስጥ ቅጠል፣ ጭቃ፣ የሸረሪት ድር፣ አንድ የብዕር ክዳን። ታች ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ሦስቱም ተደፍነዋል። በሽቦ ከፈትኳቸው። ለካ መስታወቱን ተከትሎ ሁልጊዜም ትንሽ ውሃ ይገባል። ጉዳቱ መግባቱ አይደለም፣ እዚያው መቅረቱ ነው። ይሄን የትኛውም ፕሮፌሰር አልነገረኝም። ጽፌዋለሁ። ለዳያን እናገረዋለሁ።

(ከማን እንደሰማሁትስ? እንጃ።)

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 11። 5 ሰዓት ላይ፣ ጋራዡ ደጃፍ

መስታወቱ ወጣ። እጄ አሁንም ሙቅ ነው።

ፍራ ከተባልክ ይሄን ፍራ። አንድ ብቻ ነው። ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ይሄ ከተሰበረ ሌላ የለም። ጠርዙ ብረት ከነካ ደግሞ አይሰነጠቅም፣ እንደ ጨው ይበተናል። በመዳፍ ያዢ፣ በጣት አይደለም አሉኝ። ወደ ኋላ አዘንብዪው። አሁን ወደ ላይ። ቀስ። ቀስ አልኩሽ! ትንፋሼን ይዤ ነበር። ጠርዙ ከብረቱ የወረቀት ያህል ርቆ አለፈ።

ወጣ። ጮህኩ። ጋ/ኢ ሊቀበሉኝ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ትንሽ አይደለም፣ ብዙ። ወዲያው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ብርድ ነው አሉ። ሸሚዜ በላብ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ነበር።

የቀኙ በር ለምን አራት ዓመት እንደቆየ አሁን ገባኝ። መስታወቱን ብርድ ልብስ ላይ አስተኛሁት።

እሑድ፣ ኦክቶ. 12

የደረቀ ማስቲሽ ስፍቅ ዋልኩ። ጥፍሬ ሄደ። መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ሱፍ የለበሰ ቦይ ቀየርኩ። ግራሶ ቀባሁ። መስታወቱን መለስኩ። ማንሻውን ዞር ሳደርገው ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ። ሳይንገጫገጭ! ሃያ ጊዜ አወጣሁት። ይበቃል፣ መጫወቻ አይደለም ተባልኩ። ግን እሳቸውም ፈገግ ብለዋል።

ይሄን ሥራ እፈልገዋለሁ። ለደሞዙ ብቻ አይደለም። በር ሆድ ውስጥ ሕይወቴን ባሳልፍ ቅር አይለኝም። ይሄን ዛሬ ነው ያወቅኩት። ስለዚህ አሁን ፍርሃቱ ባሰ።

የቀረው ዙሪያውን የሚሄደው ጎማ ነው። ግራውን ሲሠሩ አብረው የገዙት፣ በካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ አራት ዓመት የኖረ። እሱም አንድ ብቻ። ፀሐይ ላይ ዘረጋነው። ሰኞና ማክሰኞ ይሙቅ፣ ረቡዕ እንቆርጣለን አሉ።

ረቡዕ! እኔ ቀን እቆጥራለሁ፣ እሳቸው ፀሐይ። ለምን እንደምቸኩል መናገር አልችልም።

ሰኞ፣ ኦክቶ. 13። ከሰዓት

ቆረጥኩት።

ጋ/ኢ ለአስር ሶላት ገቡ። ስመለስ እንተያያለን፣ ምንም እንዳትነኪ አሉኝ። ሩብ ሰዓት ነው የሚቆዩት። ጎማውን ነካሁት፣ ሞቋል፣ ተፍታቷል። ምን እንጠብቃለን? አሮጌውን ጎማ ከላዩ ዘረጋሁ፣ እኩል ለካሁ፣ በምላጭ ቆረጥኩ። ከታችኛው የኋላ ጥግ ጀምሬ ዙሪያውን በማስቲሽ ለጠፍኩ። መጨረሻ ላይ ትንሽ አጠረኝ፣ ሳብ አደረግኩት፣ ደረሰ። ጫፍና ጫፉ ተሳሳሙ። ፀጉር አያስገባም።

ወጡ። ቆሙ።

«ቆረጥሽው?»

«ቆረጥኩት!»

«በምን ለክተሽ?»

«በአሮጌው።»

ጎንበስ ብለው ጥጉን አዩት። ረጅም ጊዜ። ከዚያ «ደስ ይላል» አሉ። በሩን ከፍቼ ዘጋሁት። ድምፁ! እንደ ማቀዝቀዣ በር ዱብ። ጨርሻለሁ ማለት ነው። ስምንት ቀን ቀደምኩ። ውሸቱ ግማሹ እውነት ሆነ። ለብሩክ ቴክስት አደረግኩ፣ ርችት ላከልኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 16

አፍሬአለሁ። በተራ ልጻፈው፣ አለበለዚያ አልጽፈውም።

1/ ጠዋት ጭጋግ ነበር፣ ብርድ። ከሥራ ስመለስ በሩን ከፈትኩ። ታችኛው ጥግ ላይ ጫፍና ጫፉ ተለያይቷል። ጣቴን ከተትኩ፣ ገባ። ለካ አሮጌው ጎማ በስንት ዓመት ተኮማትሯል፤ እኔ በተኮማተረው ለክቼ አዲሱን አሳጠርኩት፣ ያጠረውን ስቤ ለጠፍኩት፣ እሱ ደግሞ ወደ ቦታው ተመለሰ። ረዘም አድርጎ መቁረጥ፣ እየገፉ መለጠፍ ነበር ሥራው። ሁለት ቀን ይሙቅ ያሉትም ለዚህ ነበር፣ ለስልሶ እንዲገፋ።

2/ ሰኞ ዕለት አይተውት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አይቼዋለሁ አሉ። ታዲያ ለምን ደስ ይላል አሉኝ? «ደስ ብሎሽ ነበር፣ ልጄ። ምን ልበልሽ?»

በዚህ ተናድጄ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ጥጉን እየላጥኩ ነበር፣ እጄ ሙሉ ማስቲሽ ነው። ስፒከር ያድርጉልኝ አልኳቸው። በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ሦስቴ ስተው በአራተኛው ነኩት።

3/ ብሩክ። ሰላም ሳይል። «ማሂዬ፣ ለማክሰኞው ኢንተርቪው ደረሰ? ሽማግሌው አልነቃም አይደል? ሁለቱንም በር እኔ ነኝ የሠራሁት ብለሽ ጽፈሽ እዚያ ሄደሽ እንዳትርበተበቺ!»

ብሩክ ሄሎ፣ ሄሎ ይላል። ጋ/ኢ ስልኩን ዘጉት፣ በአንድ ጊዜ አገኙት።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ስትሄጂ የጋራዡን በር ዝጊ አሉኝና ገቡ።

ዘጋሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 17። ሥራ ቦታ

ጠዋት አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ጋራዡ ተቆልፏል። ለአንዱ ሰውዬ የሌላ ሰው ባጅ ሰጥቼ አለቃዬ ተቆጣኝ።

ብሩክ ሶሪ ሲል ዋለ። መፍትሔም አለው። መኪናው ተበላሸ ብለሽ ኢሜይል አድርጊ፣ የማንም አሮጌ መኪና ይበላሻል፣ ማን ያጣራል? ጻፍኩት። ሦስት መስመር። በጣም ያምራል። ሴንድ ላይ ጣቴን አድርጌ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ይሄን ከላክሁ ያኛውን ውሸት በዚህ ውሸት ልሸፍነው ነው፣ ከዚያ ይሄን በሌላ። ከገባሁም በኋላ ዳያን ባየችኝ ቁጥር ስለ መኪናዋ ትጠይቀኛለች።

አልላክሁትም። አልሰረዝኩትምም። ድራፍት ውስጥ ተቀምጧል።

አራት ቀን።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 18

ጠዋት አክስቴ ጠራችኝ፣ ሰው ይፈልግሻል። ጋ/ኢ በር ላይ ቆመዋል። ብብታቸው ስር የዱቄት ወተት ጣሳ።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። የተናደዱት በውሸቱ አይደለም። ማለት በሱም ነው። ግን የበለጠ ያናደዳቸው ሌላ ነው። «ቀን እንዳለብሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ማን ፀሐይ ይጠብቃል? በአክስትሽ ፀጉር ማድረቂያ በአንድ ሰዓት አሙቀነው እንጨርስ ነበር! እኔ እኮ ሥራ ፈት ነኝ፣ ፀሐይ የምጠብቀው ሥራ ፈት ስለሆንኩ ነው!» አክስቴ ከኋላዬ ፀጉር ማድረቂያዬ ምን ሆነ ትላለች።

ከዚያ ዝቅ አድርገው፣ መኪናዋን ወደድኳት ስትዪኝ አምኜሽ ነበር አሉ። አሁንስ አልወደድኳትም እንዴ? በልቤ ነው ያልኩት።

ጣሳውን ከፈቱ። ስንዝር የምታህል ጎማ። የግራውን በር ሲሠሩ ረዘም አድርገው ቆርጠው የተረፈች። አራት ዓመት አስቀምጠዋታል።

ከሰዓት በሙሉ እሷን ስንገጥም ዋልን። ጫፎቹን አግድም ሳይሆን ሰያፍ ቆረጥኩ፣ በአዲስ ምላጭ። ማስቲሽ ቀባሁ፣ ጠበቅኩ (ጠበቅኩ!)፣ አገናኘሁ፣ በመዳፌ ተጫንኩት። እስከ ሦስት መቶ ቁጠሪ፣ ብታስነጥሺም እንዳትለቂ ተባልኩ። ስልሳ ስደርስ ክንዴ ዛለ። ጋ/ኢ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አደረጉና ተጫኑ። ሁለታችንም ተንቀጠቀጥን። ጎማው አልተነቃነቀም።

እሑድ፣ ኦክቶ. 19

የውሃ ፈተና። እኔ ውስጥ፣ እሳቸው ውጪ በጎማ ቱቦ። መጀመሪያ የግራው፣ የሳቸው በር። ደረቅ፣ ድርቅ ያለ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ጣሪያው፣ መስታወቱ፣ ጥጉ። ታች ቀዳዳዎቹ ውሃውን ሲተፉ ይሰማኛል። አምስት ደቂቃ። ስምንት። መገጣጠሚያው ላይ አንዲት ጠብታ አበጠች። አበጠች፣ አበጠች፣ ጫማዬ ላይ ወደቀች። ሁለተኛ ጠበቅኩ። አልመጣችም።

አንድ ጠብታ። ውሃ ያግዳል ልበል? ያግዳል። ጠባሳው ግን በግልጽ ይታያል። አዲሱ ጥቁር፣ የጣሳዋ ግራጫ። አውራ ጣት ሲያልፍበት ይሰናከላል።

ጋ/ኢ ቱቦውን እየጠቀለሉ፣ እኔን ሳያዩ ተናገሩ። ማክሰኞ የሚነዱት እሳቸው ናቸው (እኔ ማርሽ አልችልም፣ ይሄንንም ሬዙሜው አልተናገረም)። «የግራው በር ወደ ሕንፃው እንዲሆን አድርጌ አቆምልሻለሁ። የኔ ጥግ ላይ አውራ ጣት አይሰናከልም። የሠራሁት እኔ ነኝ በያቸው። እኔ ሥራ አልፈልግ። ከጠየቁሽ ሰውዬው እንግሊዝኛ አይችልም በያቸው።»

ፍሩትቬል ስንት ዓመት ሱቅ ይዘው የኖሩ ሰውዬ! ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። አቧራ ነው አልኳቸው። ብርድ ነው አሉኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶ. 20። ሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት

ውሰጂው ይላል ብሩክ። ባለቤቱ ራሱ ከሰጠሽ ምኑ ነው ውሸት? እውነቱን ነው እንዴ? ጠዋት ሙሉ ያሰብኩት ይሄንን ነው። የሰጡኝን መውሰድ ነው። ማንም አይጎዳም። ዳያን አንዱን በር ትዳስሳለች፣ ትደሰታለች፣ እገባለሁ፣ ከገባሁ በኋላ እንደ እሳት እሠራለሁ። ማርያምን እሠራለሁ።

ግን አንድ ነገር አልወርድ አለኝ። የግራው በር የሳቸው የመጨረሻ በር ነው። ከዚያ በኋላ እጃቸው ሌላ አልሠራም። እሱን ነው የሰጡኝ።

ሪሴፕሽኑ ፕሪንተር ላይ ሁለት ሬዙሜ አወጣሁ። አንዱ ያው የድሮው። ሁለተኛው ላይ ያቺ መስመር እንዲህ ትላለች፦ «የቀኝ በር ብቻ፣ በሁለት ሳምንት። የግራው የአቶ ኢድሪስ ሥራ ነው፣ የቀኙንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ታችኛው ጥግ ላይ መገጣጠሚያ አለ፤ ቸኩዬ አሳጥሬ ስለቆረጥኩ።» እንዲህ ዓይነት ሬዙሜ አይቼ አላውቅም። ማንም አይቶ አያውቅም። ብሩክ ቢያየው ይታመማል።

ሁለቱም ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። የትኛውን እንደማወጣ አትጠይቀኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 21። ጠዋት፣ ሳ/ሆዜ፣ መኪናው ውስጥ

ቶሎ ልጻፍ። ሃያ ደቂቃ ቀድመን ደርሰናል።

ፍሪዌዩ ላይ ከኔ በኩል ቀጭን ፉጨት ነበር፣ ከጥጉ። ከሳቸው በኩል ጸጥ። ጋ/ኢ እንዳልሰማ ሬዲዮ ከፈቱ። ሬዲዮው አይሠራም። ሁለታችንም የማይሠራ ሬዲዮ እያዳመጥን መጣን።

ፓርኪንጉ ገባን። ሕንፃው ሁሉም መስታወት። እንደተናገሩት አደረጉ፣ ግራቸውን ወደ መግቢያው አዙረው ቆሙ፣ ሞተር ሊያጠፉ ነበር።

«ያዙሩት» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«መኪናውን። ቀኙ በር ወደ ሕንፃው ይሁን።»

አዩኝ። ያን ሰኞ ጥጉን ያዩበት አስተያየት። ከዚያ የኋላ ማርሹን ታገሉት። አንቺ ልጅ ማርሼን ልትጨርሺው ነው፣ ኢንጂነር ተብዬ፣ በመጀመሪያ አትናገሪም፣ መቼም በጊዜው ተናግረሽ አታውቂም እያሉ፣ እያጉረመረሙ ዞሩ። በአንድ ዙር አልሆነም፣ በሦስት። ሲጨርሱ ግን እጃቸውን ወደ ኪስ አልመለሱትም። መሪው ላይ ነው ያለው። ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጠቀጥ።

የድሮውን ሬዙሜ ቀደድኩት። ድራፍቱንም ሰረዝኩ። አዲሱ ጉልበቴ ላይ ነው። የዳያን አውራ ጣት ጥጉ ላይ ሳይደርስ እኔ ቀድሜ እናገራለሁ። ስለ መስመሯ፣ ስለ ጠብታዋ፣ ስለ ስንዝሯ። ከዚያ የፈለገችውን ትበል።

ወጣች። ቡና ይዛለች። አየችን፣ እጇን አነሳች። ወደኔ በር ነው የምትመጣው።

ማንሻውን እያዞርኩ ነው። መስታወቱ ይወርዳል፣ ሳይንገጫገጭ። ይሄን እንኳ በእውነት እኔ ነኝ የሠራሁት።